ከማይከፈተው በር በታች

በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት፣ ከፖርቱጋል ልኡካን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስ አክሱም ደረሰ። ከተማዋን ተዘዋውሮ ሲያይ አንድ የቆመ ድንጋይ እግሩን ያዘው። ድንጋዩ እንደ ፎቅ ቤት ተጠርቧል። መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሮበታል፤ ከግርጌው ደግሞ በር አለው። ቄሱ ቀረብ ብሎ ተመለከተ። መቆለፊያው ሳይቀር ከዚያው ከድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ባለቤቱ ቆልፎት ገበያ የወጣ ይመስላል። አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ መንገዱን ቀጠለ።

በሩ አልተከፈተም። ሊከፈትም አይችልም ነበር፤ ከጀርባው ድፍን ድንጋይ እንጂ ቤት አልነበረም። ያን ያህል የደከሙ ሰዎች፣ ያን ያህል የተራቀቁ ጠራቢዎች፣ ማንም የማይገባበትን በር ለማን ሠሩት? ቄሱ ይህን ጥያቄ ትቶ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጡትም እየጠየቁ ሄዱ። መልሱ ከ400 ዓመት በላይ ቆየ። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ መልሱ የነበረው ግን ከጠያቂዎቹ እግር ሥር ነበር።

የአገሬው ሰው በበኩሉ መልስ አላጣም። አንዱ ሐውልቶቹን ያቆመቻቸው ንግሥተ ሳባ ናት ይል ነበር። ሌላው በታቦቱ ኃይል ነው የቆሙት ይላል። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ከአፄ ካሌብ መቃብር ሥር የሚነሣ ዋሻ እስከ ቀይ ባሕር ይደርሳል የሚልም ነበረ። ሽማግሌ ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እየነገረ ወሬው ዘመን ተሻገረ። ከወሬው ውስጥ አንድ ነገር በእርግጥ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ከመሬቱ በታች የሆነ ነገር ነበረ። ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መኪና ወደ ሰሜን መንዳት ሲቻል ጥያቄው ወደ ቤተሰብ ጉዞ ገባ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ቤተሰብ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ በሽሬ በኩል አክሱም ይደርሳል። ለኅዳር ጽዮን የሚሄደው ለበዓሉ፣ ሌላው ደግሞ አገሩን ለልጆቹ ለማሳየት ነው። መኪናው ቆሞ በሩ ሲከፈት ልጆቹ ቀድመው ይሮጣሉ። ወደቆመው ሐውልት አንጋጠው ያያሉ፤ በወደቀው ላይ ለመውጣት ይሽቀዳደማሉ። እናት ቦታው የጽዮን ደጅ ነውና ነጠላዋን አስተካክላ ትለብሳለች። ከዚያ ፎቶ ይነሣሉ። መኪናው የቆመው ምን ላይ እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች

እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎዶር ቤንት የተባለ እንግሊዛዊ አክሱም መጣ። ከሐውልቶቹ ግርጌ የተነጠፉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ በላያቸውም የተቀረጹትን ጽዋ መሰል ጎድጓዳ ቅርጾች አየ። መሥዋዕት የሚፈስባቸው መሠዊያዎች መሰሉት፤ ሐውልቶቹንም ከፀሐይ አምልኮ ጋር አያያዛቸው። መልሱን ያገኘ መሰለው። ይሁንና ዐይኑ ያረፈው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1906፣ አንድ የጀርመን ቡድን ከምጽዋ በአስመራ በኩል አክሱም ገባ። ቡድኑን የሚመራው የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን ነበር። አብረውት ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች እንዲሁም አንድ ሐኪም ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቅደውላቸው ነበርና ለሥራው ሦስት ወር ያህል አገኙ። ሊትማን የድንጋይ ጽሑፎችን አነበበ። ሉፕከ ፎቶ አነሣ። ክሬንከር ደግሞ ሐውልቶቹን አንድ በአንድ ለካቸው፣ ቁጥርም ሰጣቸው።

ክሬንከር እየለካ በሄደ ቁጥር አንድ ነገር ጎልቶ ታየው። በድንጋዩ ላይ ያለው ቅርጽ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ከግድግዳ ወጣ ብለው የሚታዩት ክብ የእንጨት ጫፎች፣ የወለሎቹ ከፍታ፣ የመስኮቶቹ ፍሬም፣ ሁሉም የአክሱም ሰዎች በእንጨትና በድንጋይ የሚሠሩትን እውነተኛ ቤት ይከተሉ ነበር። ትልቁ፣ ወድቆ የተሰባበረው ሐውልት፣ 13 ፎቅ ያለው ቤት ተደርጎ ተቀርጿል። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይሆናል። ድንጋዩ የመጣው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎበድራ ኮረብታ ነበር።

ጀርመኖቹ እነዚህ ሐውልቶች የመቃብር ምልክት ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው አሰቡ። የአፄ ካሌብንና የአፄ ገብረ መስቀልን መቃብሮችም መረመሩ። ከታላላቆቹ ሐውልቶች ሥር የተቀበሩትን ሰፋፊ ክፍሎች ግን ሳያዩ ጊዜያቸው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1913 የታተመው ባለ አራት ቅጽ መጽሐፋቸው ከምድር በላይ ያለውን ነገር ሁሉ በዝርዝር ያዘ። ከምድር በታች ያለው ባዶ ገጽ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የፋሽስት ጦር አክሱምን ከያዘ በኋላ በመጠን ሁለተኛ የሆነውን፣ 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውንና ወድቆ ተሰባብሮ የነበረውን ሐውልት ወደ ሮም አጋዘው። እ.ኤ.አ. በ1937 በሮም አደባባይ ተተከለ። በአክሱም የቀረው የቆመበት ቦታ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም እንጂ፣ ይህ ዝርፊያ ከብዙ ዓመት በኋላ ለምሥጢሩ መፈታት ምክንያት የሚሆን ነበር።

ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂ ተቋም ተቋቋመ። ዣን ለክላንና አንሪ ደ ኮንተንሶንን የመሳሰሉ ፈረንሳውያን ባለሙያዎች በአክሱም ቆፈሩ። ስለ ጥንቷ ከተማ ዕውቀቱ ሰፋ። የሐውልቶቹ መሬት ግን ዋናውን ምሥጢሩን አሁንም አልሰጠም። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የጥንት ሰዎች ራሳቸው መቃብሮቹን በሙላት አፈር ሸፍነው፣ በላዩ ሰፊ መደብ ደልድለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ደለል እየጨመረበት ኖረ። ጥልቅ ብሎ ያልቆፈረ ሰው የሚያገኘው አፈር ብቻ ነበር።

ጥልቅ ብሎ የሚቆፍረው ሰው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

በሩ ከመሬት ውስጥ ወጣ

ኔቪል ቺቲክ መቀመጫው ናይሮቢ የሆነ የብሪታንያ የምርምር ተቋም ዳይሬክተር ነበር። ስሙን ያተረፈው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ በታንዛኒያዋ ኪልዋና በኬንያዋ ማንዳ የጥንት የወደብ ከተሞችን ቆፍሮ ነው። ወደ አክሱም ሲመጣ የያዘው ሐሳብ ቀላል ነበር። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት ከሆኑ መቃብሩ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ1972 ቁፋሮውን ጀመረ።

ከሐውልቶቹ መሬት በስተምዕራብ የተቆፈረው ጉድጓድ እየጠለቀ ሲሄድ ጥሩ ሆኖ የተጠረበ የድንጋይ ግንብ ብቅ አለ። አፈሩን ሲያነሡለት ቅርጹ እየጎላ መጣ። መጀመሪያ ጉበን፣ ቀጥሎ መቃን፣ ከዚያ ከጉበኑ በላይ የወጡ የእንጨት ጫፍ መሰል ቅርጾች። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ከአንድ ወጥ ግዙፍ ድንጋይ የተጠረበ በር ፊት ለፊት ቆሙ። በሩን ያውቁታል። ከሐውልቶቹ ግርጌ ዕለት በዕለት የሚያዩት በር ነው። አልቫሬዝ ቆልፎ እንደተሄደበት ቤት አድርጎ ያየው ዓይነት በር አሁን ከመሬት ውስጥ ወጣ።

ይህም በር አልተከፈተም። እንደ ሐውልቶቹ ሁሉ ድፍን ድንጋይ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ልዩነት አለ፤ እዚያው ወደ ምድር ውስጥ የሚወርድ ደረጃ ተገኘ። ደረጃውን ተከትለው የወረዱት ሰዎች በብረት ማያያዣ የተጋጠሙ ድንጋዮች ግድግዳ የሆኑበት ክፍል አገኙ። ከውስጥም የድንጋይ ሣጥን ነበረ። ለዘመናት ሲነገር የኖረው እውነት ሆነ። ከበሩ በታች ቤት አለ፤ ቤቱም የሙት ቤት ነው።

ቺቲክ ወደ ሣጥኑ ቀረበ። ሣጥኑ ተሰብሯል። ውስጡ ባዶ ነበር። ዘራፊዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቀድመውት ገብተው፣ ያገኙትን ሁሉ ጠራርገው ወስደው ነበር። ማን እንደተቀበረበት የሚናገር አንዲት ፊደል እንኳ አልነበረም። ታላላቆቹ ሐውልቶችም ስም አልተጻፈባቸውም። መቃብሩ ተገኘ፤ የተቀበረው ሰው ግን አልታወቀም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ቺቲክ ግን ሌላ ስሌት ያዘ። አንድ መቃብር ካለ ሌሎችም ይኖራሉ፤ ሌባ ደግሞ ሁሉንም እኩል አይበረብርም። እ.ኤ.አ. በ1974 ከቆመው ሐውልት በስተምሥራቅ ያለውን መሬት ሲያስቆፍር ሌላ ደረጃ ተገኘ። ደረጃው ከዓለቱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ሠራተኞቹ ደለሉን እያወጡ ተከተሉት። ከታች በኩል፣ ደረጃው በሚያልቅበት፣ ከተተኮሰ ጡብ የተሠራ ቅስት አገኙ። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ነው፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠበብ ይላል። እንዲህ ያለ ቅስት በአክሱም ይገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ከቅስቱ ባሻገር ጨለማ ነበር። ቺቲክና ባልደረቦቹ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሌቦች እዚህም ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ሥራቸውን አልጨረሱም። በዓለት ውስጥ የተፈለፈሉት፣ በጡብ ቅስት የተከፋፈሉት ክፍሎች ወለላቸው በጥንት ዕቃ ተሸፍኖ ነበር። ሸክላ፣ ብርጭቆ፣ የብረታ ብረት ቁርጥራጭ፣ ዶቃ። የሰው አጥንትም ነበረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ተገኘ። መጀመሪያ የታየው ስብርባሪ ነበር። ትርጉሙን ለመረዳት ጊዜ፣ ትዕግሥት፣ የጥገና ባለሙያ እጅም ያስፈልግ ነበር። ቺቲክ ይህን ያውቃል። ክፍሎቹን ሁሉ ሳይጨርስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሊቀጥል መቃብሩን ዘጋው።

የሚቀጥለው ዓመት አልመጣም።

የተዘጋው መቃብር

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አዲስ አበባ ታመሰች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ቁፋሮው ቆመ። አክሱም ጦርነት በሚካሄድበት ክልል ውስጥ ወደቀች። ወደ ሰሜን የሚነዳ የቤተሰብ መኪና ጠፋ፤ መንገዱ የወታደር ካሚዮን ሆነ። ያ በጡብ ቅስት የተዋበ መቃብር፣ ዝሆን ጥርሱን እንደያዘ፣ ከአፈር በታች ጠበቀ።

ቺቲክ ለመመለስ አልታደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞተ። የቁፋሮውን ውጤትም ራሱ ጽፎ አላሳተመም። ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ሊቀር ሲል፣ በቁፋሮው ላይ አብሮት የነበረው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ ማስታወሻዎቹንና ሥዕሎቹን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሪፖርቱ በመጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ አንድ ነገር ገባው። አክሱም ውስጥ ጅምር ቀርቷል።

ጅምሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር። ዴቪድ ፊሊፕሰን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ኃላፊ የሆነ የአፍሪካ አርኪዮሎጂ ምሁር ነበር። ጦርነቱ ባበቃ በሁለት ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ከኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ፈቃድ አግኝቶ አክሱም ገባ። ቺቲክ ከዘጋው ወዲህ ወደ 19 ዓመት አልፎ ነበር። ፊሊፕሰን ያንኑ መቃብር ከፈተ።

ዕቃው እዚያው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የቸኮለ ሰው አልነበረም። ቡድኑ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ እየተመላለሰ እያንዳንዱን ስብርባሪ ከቦታው መዝግቦ አነሣ። የዝሆን ጥርሱ እርጥበት የጎዳው፣ ቢነኩት የሚፈርስ ነበርና ከአፈር ማውጣቱ ራሱ አንድ ሥራ ሆነ። ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ ሲጋጠሙ የወይን ሐረግ ታየ። ከሐረጉ መካከል እንስሳት ብቅ አሉ። በመጨረሻ ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች ሙሉ ሆኑ። ባለሙያዎቹ የወንበር፣ ምናልባትም የዙፋን መደገፊያ ናቸው ብለው ገመቱ። የተቀበረው ሰው ስሙን አልተወም፤ የተቀመጠበትን ወንበር ግን አስከትሎ ወርዷል።

ፊሊፕሰን ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ። ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት፣ ያ 520 ቶን የሚመዝነው፣ የማን መቃብር ምልክት ነበር?

ቺቲክ በመጨረሻው ወቅት ከዚህ ሐውልት ሥር በስተምዕራብ በኩል በደለል የተሞላ አንድ ግንብ ነክቶ ነበር። ከዚያ በላይ ለመሄድ ጊዜ አላገኘም። የፊሊፕሰን ሰዎች ደለሉን ማውጣት ጀመሩ። ደለሉ ሲቀንስ ኮሪደር ታየ። ኮሪደሩ ረዘመ፤ 17 ሜትር ገደማ ሆነ። በግራና በቀኝ ክፍሎች ተከፈቱ፤ በአንድ ወገን አምስት፣ በሌላው አምስት። ጣሪያው ከግዙፍ ድንጋዮች ተነጥፏል። በምዕራብ ጫፍ ደግሞ የሐውልቶቹን በር የመሰለ፣ ከድንጋይ የተጠረበ መግቢያ ቆሟል። ይህ ግን ድፍን አልነበረም። ሰው ያልፍበታል።

አልቫሬዝ ካየው በር ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረው ይህ ነበር። ከላይ በድንጋይ የተቀረጸው ቤት ከታች በእርግጥ ተሠርቷል። ከሐውልቱ በስተምሥራቅም ተመሳሳይ መቃብር መኖሩ ታወቀ። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ሆነው ሐውልቱን ያጅቡ ነበር። ሐውልቱ የሙት ቤት ምልክት፣ በሩም ለሕያዋን ሳይሆን ለሙታን የተሠራ በር ሆነ። እዚህኛው መቃብርም ከረጅም ዘመን በፊት ተዘርፏል። ግንቡን ግን መስረቅ አልተቻለም።

በዚሁ ሥራ የሐውልቱ አወዳደቅም ተገለጠ። መሠረቱ ለርዝመቱና ለክብደቱ የሚመጥን ጥልቀት አልነበረውም። ፊሊፕሰን ሐውልቱ ገና እየተተከለ ሳለ ወይም እንደቆመ ወዲያው ሳይወድቅ አይቀርም ብሎ ደመደመ። ሲወድቅ ጫፉ ነፋስ ማውጫ በተባለው መቃብር ላይ አረፈ። የነፋስ ማውጫ መክደኛ ከ17 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና 360 ቶን ያህል የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ያን እንኳ የሐውልቱ ውድቀት አናጋው። የአክሱም ነገሥታት ከዚያ የሚበልጥ ሐውልት ለማቆም አልሞከሩም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል የታላላቅ ሐውልቶች ዘመን አለፈ። ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ የነገሠው አፄ ካሌብ መቃብር ላይ ሐውልት የለም።

መልሱ የተሟላ መሰለ። አንድ ነገር ግን ገና ቀርቶ ነበር።

መኪናው የቆመበት

ሮም የቆመው ሐውልት ለመመለስ ከ60 ዓመት በላይ ፈጀበት። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ደረሰ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ደስታው ካለፈ በኋላ መሐንዲሶቹ ፊት ከባድ ጥያቄ ቀረበ። 160 ቶን ያህል የሚመዝን ድንጋይ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስ መሬቱ ይችለዋል? ከሥሩ ባዶ ክፍል ካለስ?

ያለ ቁፋሮ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በዩኔስኮ የተላከ የባለሙያዎች ቡድን የከርሰ ምድር መመርመሪያ ራዳርና የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዞ መጣ። መሣሪያው ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፤ አፈር፣ ድንጋይና ባዶ ቦታ ሞገዱን የሚመልሱት እየተለያየ ነው። ቡድኑ በሐውልቱ ጥንታዊ ስፍራ ዙሪያ መለካት ጀመረ። መልሱ ወዲያው መጣ። ከሥሩ ክፍሎችና መተላለፊያዎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ልኬቱን እያሰፉ ከታጠረው ግቢ ወጡ። ክፍሎቹ ግን አጥሩን አላከበሩም፤ አብረው ወጡ።

በመጨረሻ መሣሪያውን ይዘው የደረሱበት ስፍራ የመኪና ማቆሚያው ነበር። ከሥሩም ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች ታዩ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ የመጣ ቤተሰብ ሁሉ መኪናውን አቁሞ "ሐውልቶቹ የት ናቸው?" ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ራሱ መቃብር ነበር። የአክሱም ነገሥታት መካነ መቃብር እስከዚያ ከታወቀው እጅግ የሰፋ መሆኑ ተረጋገጠ።

ግኝቱ ሥራውን አከበደው። መሐንዲሶቹ ከሥር ያሉትን ክፍሎች እንዳይጎዱ ተጠንቅቀው በዙሪያው ከፍ ያለ የብረት ማማ ሠሩ። ሐውልቱን ክፍል በክፍል አንሥተው አቆሙት። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። የፋሽስት ጦር ሐውልቱን ሲያግዝ ያላሰበውን ነገር ዕጣ ሠራው፤ የሐውልቱ መመለስ በታሪክ ያልታወቀውን መቃብር አሳየ።

ቤተሰብ ይዞ ወደ አክሱም ለሚነዳ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ነገር አለ። ቦታው የቆሙ ድንጋዮች ማሳያ ብቻ አይደለም፤ የአባቶች መካነ መቃብር ነው። ስለዚህ ፎቶ ከመነሣት በፊት ልጆችን ይዞ ወደ ታች መውረድ ይገባል። ባለ አሥር ክፍሉን መቃብር የሚያውቅ የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ፣ ባትሪም አለመርሳት ነው። ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ጎራ ብሎ ከመቃብሮቹ የወጣውን ቅርስ ማየት ጉዞውን ሙሉ ያደርገዋል። የወደቀውን ሐውልት ልጆች እንዳይረግጡት፣ ከመሬት ላይ የሸክላ ስብርባሪ አንሥተው ኪሳቸው እንዳይከቱ መምከር የወላጅ ድርሻ ነው። በሌላ መቃብር ላይ የማናደርገውን እዚያም ማድረግ የለብንም።

ቀሪው ሥራ የትዕግሥት ነው። ቺቲክ የጀመረውን ፊሊፕሰን ለመቀጠል 19 ዓመት ፈጅቷል፤ ፊሊፕሰን ያላየውን ደግሞ ራዳር አሳይቷል። ከአክሱም መሬት በታች ካለው የተቆፈረው ጥቂቱ ነው። ቀሪውን የሚቆፍሩት ምናልባት ዛሬ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው "ደረስን?" እያሉ የሚጨቀጭቁ ልጆች ይሆናሉ። ለእነሱ ማስተላለፍ ያለብን ቦታውን ሳይነካ፣ ጥያቄውን ደግሞ ሳይደበዝዝ ነው።